ማክሰኞ ዕለት አለፈ

ደሳለኝ የሚባል ሰው ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። የቆረጠው ማርቆስ ነው፣ በገጀራ። ማርቆስን ወደ ደሳለኝ ግቢ ያስሮጠችው ግን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ናት፤ ቃሏን የተረጎምኩለት ደግሞ እኔ ነኝ። ፎንቆ በምትባለው ከተማ ውስጥ ይህ ታሪክ በየሰዉ አፍ እየተቀጠለለት ይወራል። እኔ ያየሁትንና ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ራሴን ለማዳን የዘለልኩት ነገር ከመሰላችሁ ታዘቡኝ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ሆሳዕና ነው፤ አባቴ ከጉራጌ መጥቶ ገበያ ዳር ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። በእንግሊዝኛ ተመርቄ ፎንቆ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። እዚያ ስሜን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ትንሹም ትልቁም «ቲቸር» ይለኛል። የመድኃኒት ወረቀት፣ የኤምባሲ ፎርም፣ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ፣ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል። ከደሞዜ ይልቅ የሚያኮራኝ እሱ ነበር። «አላውቅም» ብዬ የመለስኩት ሰው ትዝ አይለኝም። ክፍል ውስጥም ያው ነኝ። ሰሌዳው ላይ በግራ በኩል እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ በኩል አማርኛውን እጽፋለሁ፤ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ። «ቲቸር፣ ሌላም ትርጉም አለው?» የሚል ተማሪ ከተነሳ «ለፈተና ይሄ ይበቃል» እለዋለሁ።

የተከራየሁት የጋሼ ሎምቤቦ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሼ ሎምቤቦ ስንዴና እንሰት የሚያለሙ ገበሬ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው እማማ ዘነበች ይባላሉ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ታላቁ ማርቆስ አናጺ ነው፤ ሥራ እንጂ ወሬ የማይወድ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያዬን ሠርቶልኝ «ምን ልክፈልህ?» ስለው ሳቅ ብሎ የሄደ ሰው። ታናሹ ተመስገን የእኔው ተማሪ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይሆንለት ሲቀር እንደ እኩዮቹ ፊቱን ወደ ደቡብ አፍሪካ አዞረ። በእኛ አካባቢ እዚያ ሰው የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ያሻገረው ደሳለኝ ነው። ደላላ ነው ደሳለኝ። ከዓመት በፊት እሱ ከላካቸው ልጆች ሁለቱ በታሸገ መኪና ውስጥ ታፍነው ሞተዋል፤ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ሰው ልጁን እየወሰደ ይሰጠዋል። ይረግመዋል፣ ይሰጠዋል።

ተመስገን ከሄደ ሦስተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ከሞያሌ ደወለ፤ ከኬንያ ደወለ፤ ከታንዛኒያም ደወለ። ማላዊ ከገባ በኋላ ድምፁ ጠፋ። አምስት ሳምንት ሙሉ እማማ ዘነበች ስልካቸውን ከደረታቸው ላይ አላነሱም፤ ላም ሲያልቡ እንኳ በነጠላ ጠቅልለው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር።

ሐሙስ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በረንዳዬ ላይ ደብተር እያረምኩ ማርቆስ እየተቻኮለ ገባ። የእንጨት ብናኝ ቅንድቡ ላይ አለ።

«ቲቸር፣ ይሄን አንብቢልኝ። ቁጥሩ የውጭ ነው።»

«ደውለህበታል?»

«አንዴ ሞክሬ ነበር። ዝግ ነው ይላል።»

ስልኩን ተቀበልኩት። መልእክቱ አጭር ነው፤ እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ብራዘር ተመስገን ፓስድ ኦን ቱስደይ። አይ አም ሶሪ። ኖ ኔትወርክ። ጎድ ኢዝ ዊዝ ሂም።»

ደግሜ አነበብኩት። «ፓስ» ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት ቃል ናት። ፈተና ማለፍ ናት። ኳስ ማቀበል ናት። በመንገድ ማለፍ፣ ድንበር መሻገር ናት። «ኦን» ስትጨመርባት ደግሞ ማረፍ፣ መሞት ትሆናለች። ግን ያቺው «ኦን» ከቀን ስም በፊት ስትገባ «ዕለት» ከማለት የተለየ ሥራ የላትም። «ማክሰኞ ዕለት አለፈ» ነው ወይስ «ማክሰኞ አረፈ»? ሁለቱም ከዚያው ፊደል ይወጣሉ።

«ተሻግሮ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ ብሎብኛል። አልዋሻችሁም፤ ብልጭ ብሎብኛል። ግን «ሶሪ» የሚለውን አየሁ። «እግዚአብሔር ከሱ ጋር ነው» የሚለውን አየሁ። ለሞተ ሰው የሚባል መሰለኝ። ቀና ስል ማርቆስ አፍ አፌን ያያል። ከኋላው እማማ ዘነበች እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ቆመዋል። «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። አልወጣልኝም።

አማርኛው እንኳ ሊያድነኝ ይችል ነበር። «አለፈ» ብዬ ብተወው ኖሮ «ወዴት አለፈ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም ነበር። እኔ ግን አብራርቼ መናገር የለመድኩ ሰው ነኝ።

«ማክሰኞ ዕለት… አርፏል ነው የሚለው።»

«ምን አርፏል?» አለ ማርቆስ።

«ሞቷል፣ ማርቆስ። ተመስገን ሞቷል።»

እማማ ዘነበች መጀመሪያ አልጮኹም። ከቆሙበት መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ያወጡት ድምፅ ጎረቤቱን ሁሉ አጥር አስዘለለው። ፊታቸውን ቧጠጡት፤ ለመያዝ የሮጡት ሴቶች እጅ በደም ተነከረ። ግቢው ሞላ። «እንዴት ሞተ?» ይላል አንዱ። «ታፍኖ ነው» ይላል ሌላው፣ ማንም ሳይነግረው። «እንደነዚያ ልጆች ታፍኖ!» ሦስተኛው «ደሳለኝ ቤቱ ተቀምጦ ሥጋ ይበላል!» አለ።

ማርቆስ አላለቀሰም። ወደ እንጨት ሥራ ክፍሉ ገብቶ ሲወጣ ገጀራ ይዟል። ጋሼ ሎምቤቦ እርሻ ላይ ስለነበሩ የሚያቆመው አልነበረም።

«ማርቆስ!» ብዬ ክንዱን ያዝኩት። «አባትህ ይምጡ፣ ጠብቅ!»

እጄን እንደ ዝንብ አራግፎት ወጣ። ሠላሳ አርባ ሰው ተከተለው። ገበያውን ሲያቋርጡ መቶ ሆኑ። ዱላ ያነሳ አለ፣ ድንጋይ የለቀመ አለ፣ ለምን እንደሚሮጥ ሳያውቅ የሚሮጥ አለ። እኔም ከኋላ እሮጣለሁ። ምን ላደርግ እንደምሮጥ አላውቅም ነበር።

የደሳለኝ በር ቆርቆሮ ነው። በአንድ ግፊት ተገነጠለ። ግቢ ውስጥ የቆመችውን ባጃጅ ገለበጡና እሳት ለቀቁባት። መስኮቱ ረገፈ። ሚስቱ በር ላይ እጆቿን ዘርግታ «የለም! ሆሳዕና ሄዷል!» ስትል አንዱ በዱላ ጎኗን መታት፤ ታጥፋ ወደቀች። ደሳለኝ አልጋ ሥር ተደብቆ ነበር። በእግሩ ጎትተው አወጡት። ወፍራም ሰው ነው፤ ሸሚዙ ተቀዶ ሆዱ አፈር ላይ ሲጎተት አየሁ። በጫማ መቱት፣ በድንጋይ መቱት። ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ።

«ምን አደረግሁ? ምን አደረግሁ?» ይላል።

«ወንድሜን በላኸው!» አለ ማርቆስ። ድምፁ የእሱ አልነበረም።

«የቱን? ተመስገንን? ኧረ አልሞተም! ተሻግሯል! ማክሰኞ ተሻግረዋል ተብያለሁ፣ ማክሰኞ ዕለት!»

ማክሰኞ። ያቺን ቃል ሰማሁ። መልእክቱ እንደገና ዓይኔ ላይ መጣ፤ አሁን ግን በትክክለኛው ትርጉሙ ነው የተነበበልኝ። ማክሰኞ ዕለት አለፈ። ይቅርታ፣ ኔትወርክ ስላልነበረ ነው። እግዚአብሔር ከሱ ጋር ነው።

«ማርቆስ፣ ቁም! ተሳስቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ ጮህኩ፤ ሆሳዕና ሰፈር ውስጥ በለመድኩት ሀዲይኛ ጮህኩ። ባጃጇ ትነድዳለች፣ ሰዉ ይጮሃል፤ ማን ይስማኝ? ሰው እየገፈተርኩ ወደ መሐል ስገባ ገጀራው ወደ ላይ ሄዶ ነበር። ደሳለኝ ፊቱን ለመከለል ቀኝ እጁን አነሳ።

ያንን ድምፅ አልገልጽላችሁም። እርጥብ እንጨት ሲፈለጥ የሰማ ሰው ያውቀዋል።

ማርቆስ ለሁለተኛ ጊዜ አነሳ። እኔ ደሳለኝ ላይ ወደቅሁ። ጀግንነት አይደለም፤ ከእግሬ በፊት ጥፋቴ ነው የጣለኝ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! ተመስገን አልሞተም!» እላለሁ። የደሳለኝ ደም አንገቴ ላይ ትኩስ ሆኖ ይፈሳል። ማርቆስ ገጀራውን እንዳነሳ ቀረ። ሌሎቹ ግን አልቆሙም።

«እሷም ተከፍሏታል!» አለ አንድ ሰው። «ቅድም ሞተ አለች፣ አሁን አልሞተም ትላለች!»

ድንጋዩ የግራ ትከሻዬን መታኝ፤ አጥንቱ ሲሰበር ለራሴ ተሰማኝ። አንዱ ጀርባዬን ረገጠኝ። የማውቀው ጫማ ነበር፤ በየሳምንቱ ሽንኩርት የምገዛው ሰው ጫማ። ሌላ ድንጋይ ጆሮዬ ላይ አረፈና ዓለም ለአፍታ ድምፅ አልባ ሆነች። ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ከላያችን ብርሃን የሆነ መሰለኝ፤ ሰዉ ፈቀቅ አለ። ጋሼ ሎምቤቦ ናቸው። ከእርሻ ሮጠው ነው የመጡት፤ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። በሕዝቡና በእኛ መካከል ተንበረከኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት ላይ አስቀመጡ። በሀዲይኛ፣ ሳይጮሁ ተናገሩ። «ልጅ የሞተብኝ እኔ ነኝ» አሉ። «ደም የሚጠየቅ ከሆነ ጠያቂው እኔ ነኝ። እኔ አልጠየቅሁም። መምታት የፈለገ ከእኔ ይጀምር።»

ማንም አልጀመረም። ድንጋይ ከእጅ ሲወድቅ ሰማሁ፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ። ማርቆስ ገጀራውን ጥሎ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለና ማስመለስ ጀመረ።

ጋሼ ሎምቤቦ ጋቢያቸውን በጥርሳቸው ቀደዱት። የደሳለኝን ክንድ ከክርኑ በላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ልጄን ገደለብኝ ብለው የሚያምኑትን ሰው ጭንቅላት ጉልበታቸው ላይ አኑረው «ዓይንህን አትጨፍን፣ እየኝ፣ እየኝ» ይሉት ነበር።

ፖሊስ ደረሰ፤ ማርቆስን ወሰዱት። እኛን በአንድ ፒክአፕ ጭነው ወደ ሆሳዕና ነዱ። ደሳለኝ መሐል ተኝቷል፤ ሚስቱ ጎኗን ይዛ ታቃስታለች። ጋሼ ሎምቤቦ የተቆረጠውን ክንድ ወደ ላይ ይዘዋል። በየጉድጓዱ ስንዘል ትከሻዬ ነፍሴን ያወጣታል። ደሳለኝ ይቃዣል፤ «ማክሰኞ» ይላል፣ «ተሻግረዋል» ይላል።

ጋሼ ሎምቤቦ ወደ እኔ ዞሩ። «ቲቸር፣ ይሄ ሰው ምን ይላል?»

ከዚያ ሁሉ ድንጋይ ይህ ከበደኝ። «ጋሼ፣ መልእክቱ ሁለት ትርጉም አለው። ሞተ ማለት ሊሆን ይችላል። ተሻገረ ማለትም ሊሆን ይችላል። እኔ… አንዱን ብቻ ነው የነገርኳቸው።»

«ሁለት መሆኑን ስታነቢው ታውቂ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

ክንዱን ለአፍታም አላወረዱትም። በመጨረሻ «እንግዲያው ልጄ በሕይወት ካለ፣ ሌላው ልጄ ሰው ቆርጧል» አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም።

ሆስፒታል ስንደርስ እጁን ማትረፍ አልተቻለም። የእኔን ትከሻ በጄሶ አሰሩት። በማግስቱ ዓርብ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን ተቀምጠን ሳለ የጋሼ ሎምቤቦ ስልክ ጠራ። የውጭ ቁጥር ነው። እሳቸው አዩትና ልማድ ሆኖባቸው ለእኔ ሰጡኝ።

«አባባ? እኔ ነኝ፣ ተመስገን!»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው።

«አንተ ማነህ?» አሉ ሽማግሌው፣ አላመኑም። «ልጄ ከሆንክ የነጭዋን ጥጃ ስም ንገረኝ።»

ነገራቸው። አንገታቸው ወደ ፊት ተሰበረ። ተመስገን ስልኩ መንገድ ላይ ስለተወሰደበት አብሮት የነበረ አንድ የሞዛምቢክ ሹፌር በሱ ስም መልእክት ልኮለታል። «ድንበሩን ማለፌን ነግሯችኋል አይደል? ኔትወርክ አልነበረውም፣ ዘገየ» ይላል እየሳቀ። ከዚያ «ማርቆስ የት ነው? ስልኩ አይሠራም፣ አገናኘኝ» አለ።

ጋሼ ሎምቤቦ ውሸት ከአፋቸው የማይወጣ ሰው ናቸው። ግድግዳውን እያዩ «ማርቆስ… ሥራ ላይ ነው» አሉት።

ፎንቆ ላይ ድንኳን ተተክሎ ሲለቀስ አድሮ ነበር። ወሬው ሲደርስ እማማ ዘነበች ከለቅሶ ወደ እልልታ ለመዞር ቢሞክሩም ድምፃቸው አልዞር ብሎ መሐል ላይ ቀረ አሉ። የአንዱ ልጃቸው ሞት በአንድ ቀን ተሰረዘ፤ የሌላው እስር ግን አልተሰረዘም።

ፍርድ ቤት ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። ዳኛው ቃሉን ጠየቁኝ፤ ትርጉሞቹን አንድ በአንድ ተናገርኩ። «ተጠራጥረሽ ነበር?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ። አዳራሹ አጉረመረመ። ማርቆስ ጥፋቱን አልካደም፤ ዓመታት ተፈረደበት። ደሳለኝም በሰው ማዘዋወር ለብቻው ተከሶ እስር ቤት ገባ፤ በግራ እጁ መፈረም እየተለማመደ ነው ይባላል። አላሳዘነኝም ብል ውሸት ነው፤ ንጹሕ ነው ብልም ውሸት ነው። እነዚያን ሁለት ልጆች ልኳል። እጁ የተቆረጠው ግን ባልሞተ ልጅ ሰበብ ነው። ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤተሰብ ለማስታረቅ ዛሬም ይመላለሳሉ።

አሁን እናንተን አንባቢዎቼን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰው አፍ አፋችሁን እያየ መልስ ሲጠብቅ «አላውቅም» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ቀላል አይደለም። እኔ የተማርኩት ለማወቅ ነበር፤ አለማወቅን በአደባባይ መናገር ማንም አላስተማረኝም። ዛሬ ሰሌዳ ላይ አንድ ቃል ስጽፍ ትርጉሞቹ መስመሩን ሞልተው ይወርዳሉ። ተማሪዎቼ «በዛብን» ይላሉ። ይብዛባችሁ እላቸዋለሁ። መልእክት ይዞ የመጣ ሰውም መልሶ ሳይደውል ከእኔ አፍ ምንም አይሰማም። ዝናዬ ቀንሷል፤ «ድሮ ታውቅ ነበር፣ ጭንቅላቷን ከተመታች ወዲህ ነው» የሚሉም አሉ።

ለረጅም ጊዜ ግን ጥፋቱን ሁሉ በቃሏ ላይ፣ ሲብስም በራሴ ላይ ብቻ ስጭን ኖርኩ። ትክክል ተርጉሜ ቢሆን ኖሮ እያልኩ። ከወራት በኋላ ተመስገን ደወለልኝ። ሁሉንም ሰምቷል። ከሰው ሱቅ ውስጥ ሆኖ ነው የሚያወራው፤ ከኋላው የሰው ድምፅ ይሰማል።

«ቲቸር፣ ራስሽን ትረግሚያለሽ አሉኝ» አለ።

«እንዴት አልረግም?»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማታ ማታ እሱን ነው የማስበው። እኔ የምር ሞቼ ቢሆን ኖሮ፣ ማርቆስ ልክ ይሆን ነበር?»

ትከሻዬን በእጄ ያዝኩ። የሰዉን ፊት አሰብኩ፣ የሽንኩርት ነጋዴውን ጫማ አሰብኩ፣ ልጃቸው ሞቷል ብለው እያመኑ ጋቢያቸውን የቀደዱትን አባቱን አሰብኩ።

«አይሆንም ነበር» አልኩት።

«እኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ» አለና አለቀሰ።